ነጋሪትና ሴራ፤ የመንግሥት ቃልና የሕዝብ መልስ በሐዲያና በከምባታ ምድር

አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ሁለት ፊት ሊኖረው ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው «ሴራ» የሚለውን ቃል ሲሰማ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው በጨለማ የሚጎነጎን ተንኮል፣ በጓዳ የሚዶለት ክፋት ነው። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሐዲያ መንደሮች፣ ከዱራሜም ወጣ ብሎ በከምባታ ቀዬዎች ይኸው ቃል ሲነገር ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ በቀን ብርሃን፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎረቤት ሁሉ እያየና እየሰማ የሚጸና ሕግ፣ ሕጉንም የሚጠብቅ የሰዎች ማኅበር ነው። ኦሮሞም ሕግን «ሴራ» ይለዋል፤ ስልጤም ባህላዊ ሥርዓቱን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ከመሐል አገር የተሾመ አንድ ገዢ መጀመሪያ ወደዚህ ምድር በዘለቀ ጊዜ ሽማግሌዎች «ነገሩ በሴራ ይታይ» ቢሉት ምን ሊመስለው እንደሚችል ለመገመት አያዳግትም።

የዚህ ቃል መንታነት ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። በሐዲያና በከምባታ ምድር መንግሥትና ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲነጋገሩ የኖሩበት ታሪክ በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። መንግሥት ሲናገር ሕዝቡ ምን ሰማ? ሕዝቡስ ሲመልስ መንግሥት ምን ሰማ? በነዚህ ዓመታት የመንግሥት ቃል መጓጓዣው ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ነጋሪት ነበረ፣ ጋዜጣ ሆነ፣ ድምፅ ማጉያና ሬዲዮ ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ስልክ ሆኗል። ታሪኩን ለሚመረምር ሰው ግን በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል አንድ ጸንቶ የኖረ ነገር ይታየዋል፤ ይኸውም የመንግሥት ቃል በዚህ ምድር ሥር የሰደደው ሕዝቡ ተቀምጦ ሊመልስለት በሚችልበት ሸንጎ ባለፈ ጊዜ መሆኑ ነው።

የጥላው ሸንጎ

ሴራ በመጽሐፍ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ አባወራ የሚያውቀው ደንብ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ያዕቆብ አርሳኖ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናታቸው የከምባታን ሴራ እንደ አንድ ሙሉ የአስተዳደር ተቋም አድርገው መርምረውታል። ማኅበሩ የአንድ አካባቢ ሰዎችን ያሰባስባል፤ ቀብር ያወጣል፣ ቤት ለሚሠራ ጉልበት ያዋጣል፣ የተጣላን ያስታርቃል፣ ያጠፋን ይቀጣል። የማኅበሩ መሪ «ዳና» ይባላል። ዳናው ወኅኒ ቤት የለውም፤ ዘበኛም የለውም። ቅጣቱ ካሣ ነው፤ ካሣውን እምቢ ያለ ግን ከማኅበሩ ይገለላል። እሳት የሚያውሰው፣ ሠርግ የሚጠራው፣ ቀብር የሚወጣለት አይኖርም። ኑሮው በእንሰት ላይ በቆመ፣ መሬቱ ጠባብ ሕዝቡ ብዙ በሆነ፣ ጎጆ ከጎጆ ተጠጋግቶ በሚያድርበት አገር ከጎረቤት መለየት ከእስር የሚከብድ ቅጣት ነው።

ከመንደሩ ሴራ በላይ ሰፋ ያለ ሥልጣን ነበረ። ከምባታ «ወማ» በሚባል ንጉሥ ይተዳደር ነበር፤ አገሩን ቁልቁል በሚመለከተው በሐምበሪቾ ተራራ ስም የሚጠራ የሰባት አባላት ሸንጎም እንደነበረ ይተረካል። ዛሬም «ሐምበሪቾ ላመላ»፣ ማለትም «ሰባቱ ሐምበሪቾ» የሚለው መጠሪያ በሕዝቡ አፍ ይኖራል። በሐዲያ በኩል ደግሞ «ገራድ» የሚለው የገዢ ማዕረግ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

የሸንጎው አካሄድ የራሱ ጠባይ አለው። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፤ ባለጉዳይ ቆሞ ይናገራል፤ የቀረው ያዳምጣል። ነገሩ ያልተዋጠለት ሰው ካለ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ያድራል። ውሳኔው የሚጸናው እጅ ተቆጥሮ ሳይሆን ተቃዋሚው ራሱ «እሺ» ሲል ነው። እንዲህ ያለው ሸንጎ ዘገምተኛ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ስንት የሥራ ቀን ይባክናል። ነገር ግን አንዴ ከወሰነ በኋላ አስፈጻሚ አያሻውም፤ የወሰነውና የሚፈጽመው አንድ ሰው ነውና።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ በወርቅ ቀለም መቀባት ታሪክን መበደል ይሆናል። በቀድሞው ልማድ ሴቶች በሸንጎው ተቀምጠው አይፈርዱም ነበር። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው የሚሠሩትን ዕቃ አገሩ ሁሉ እየተገለገለበት፣ እነርሱ ግን ከማዕዱም ከሸንጎውም ተገልለው ይኖሩ ነበር። ጥላው ሰፊ ቢሆንም ሁሉንም አላስጠለለም። ይህንን ጉድለት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንደሚታየው የዚህ ታሪክ ትልቁ ፍሬ የተገኘው በዚሁ ጉድለት በኩል ነውና።

የነጋሪቱ ዘመን

የሐዲያ ምድር ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር መተዋወቅ የጀመረው በቅርብ ዘመን አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የሐዲያ ገዢ የነበረው አማኖ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን አልገብርም በማለቱ የደረሰበት ዘመቻ በንጉሡ ዜና መዋዕል ተጽፏል። በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከሐዲያ ገዢ ቤት የተወለዱት ንግሥት እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆኑ፤ ከዚያም በኋላ ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል እንደራሴ በመሆን እስከ ፖርቱጋል ድረስ መልእክት የላኩ የመንግሥት ሰው ነበሩ። ነገር ግን በነዚህ ዘመናት ንግግሩ የነበረው በቤተ መንግሥትና በገራዱ መካከል ነው። ግብሩ፣ ጋብቻው፣ ጦርነቱም በዚያው በላይኛው እርከን ያልፋል እንጂ መልእክቱ ወደ መንደሩ ጥላ አልወረደም።

ይህ የተለወጠው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተደረገው ዘመቻ የቀቤናውን የሐሰን እንጃሞን ጽኑ መከላከል ከሰበረ በኋላ ሐዲያና ከምባታ በተከታታይ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገቡ፤ የከምባታም የወማነት ሥርዓት በዚያው ዘመን አበቃ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የከምባታ ገዢ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው ዋቸሞ በተባለው ቦታ ከተማ ቆረቆሩ። ከሆሳዕና በዓል ጋር በተያያዘ ምክንያትም ቦታው «ሆሳዕና» ተባለ። እንዲህ ሆኖ ከተማው በበዓል ስም ሲጠራ፣ ነባሩ «ዋቸሞ» የሚለው ስም በሰው አፍ ላይ ብቻ ቀረ። ይህ ስም በአደባባይ ጽሑፍ ላይ ተመልሶ ጎልቶ የታየው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በከተማው የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ «ዋቸሞ» ተብሎ በተሰየመ ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ቃል የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። አዋጅ ነጋሪው ሰው በሚበዛበት የገበያ ቀን ይወጣል፤ ነጋሪቱ ይጎሰማል፤ ገበያተኛው ጸጥ ይላል፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ተብሎ ቃሉ ይነገራል። ዘዴው ከጥበብ የራቀ አልነበረም። ገበያ ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን ጋዜጣ ነበር፤ ጠዋት የተነገረ አዋጅ ማታ ከገበያተኛው ጋር ወደየመንደሩ ይገባል። የጎደለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቃሉ የሚነገረው በአማርኛ ስለነበር አብዛኛው ሐዲይኛና ከምባትኛ ተናጋሪ የሚሰማው በአስተርጓሚና በባላባት አፍ ነው። በሁለቱ ወገን መካከል የቆመ ሰው ደግሞ እንደ ጠባዩና እንደ ጥቅሙ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ሁለተኛ፣ ነጋሪቱ የሚጎሰመው ለማሰማት ብቻ ነው። የሰማው ሁሉ ላልሰማው እንዲያሰማ ታዝዟል፤ የሰማው ሰው ምን እንዳለ መልሶ ለንጉሡ የሚያሰማ ግን አልተሾመም። ባለጉዳይ አቤት የሚለው በየግሉ፣ በየደጃፉ ደጅ ጠንቶ ነው። በማኅበር የሚመለስ መልስ ግን ሊሰማ የሚችለው እንደ አድማ፣ በአማርኛው ትርጉም እንደ «ሴራ» ነው።

በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕጎቹን የሚያወጣበት ጋዜጣ ባቋቋመ ጊዜ «ነጋሪት ጋዜጣ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ከከበሮው ተወሰደ፤ ጠባዩም ከከበሮው ብዙ አልራቀም። ጋዜጣው የሚታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ስለ መሬቱ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ጋብቻው የሚወጣው ሕግ ሁለት ቋንቋ እየተናገረ ቢመጣም፣ በሌሞ ወይም በአንጋጫ እንሰት ለሚተክለው ገበሬ ሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ባዕድ ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ሬዲዮም ቢሆን ድምፁን ከነጋሪት ይበልጥ አርቆ ወሰደው እንጂ ሐዲይኛና ከምባትኛ ለብዙ ዘመን አልተሰሙበትም።

ስብሰባና ፊደል

የ1966 ዓ.ም. አብዮት የመንግሥትንና የሕዝብን መገናኛ ከሥሩ ገለበጠው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። በዚያው ዓመት የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ በሆሳዕናና በሌሎች ከተሞች የቀበሌ ማኅበራትን አመጣ። በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር የተሰማሩት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን አዋጁን ከጋዜጣው አውጥተው በየመንደሩ አደረሱት። ለገባሩ ልጅ የመሬት አዋጅ የሕይወት ለውጥ ነበር፤ ሕዝቡም ይህንን ቃል ለመስማት ጎትጓች አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ «ስብሰባ» የየሳምንቱ ቃል ሆነ። ሲታይ ስብሰባው ከሴራው ጋር ይመሳሰላል። ሰው ይቀመጣል፤ ተናጋሪ ይቆማል፤ ውሳኔ ይተላለፋል። ልዩነቱ የሚታየው መጨረሻው ላይ ነው። በሴራው ያልተስማማ አንድ ሰው ጉዳዩን ሊያሳድር ይችላል፤ በስብሰባው ግን አጀንዳው ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ውሳኔውም እጅ በማውጣት በአንድ ቀን ያልቃል። የሴራው ዳና ተጠሪነቱ ጎን ለጎን ለተቀመጡት ጎረቤቶቹ ነው፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ሪፖርቱን የሚልከው ወደ ላይ ነው።

ይህ ዘመን ሁለት በጣም የተለያዩ ትዝታዎችን ትቶ አልፏል። የመጀመሪያው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ዘመቻ በመጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች ይካሄድ ነበር፤ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሐዲይኛና ከምባትኛ ከነዚህ መካከል ሆኑ። በግዕዝ ፊደል የተዘጋጁ የማንበቢያ መጻሕፍት በሁለቱም ቋንቋዎች ወጡ። የዘመቻው ዝና ከአገር አልፎ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። ለሐዲያና ለከምባታ ግን ከሽልማቱ በላይ የሆነ ነገር ነበረው። መንግሥት የከበሮውንም የጋዜጣውንም ልማድ ትቶ ለብዙ ሰው በእናቱ ቋንቋ ያነጋገረበት የመጀመሪያው ትልቅ አጋጣሚ ነው። የግዕዙ ፊደል የነዚህን ቋንቋዎች ረጃጅም አናባቢዎችና የሚጠብቁ ተነባቢዎች ለይቶ ለማሳየት አይመችም ነበር፤ መጻሕፍቱም ከዕውቀት ጋር የጊዜውን ፖለቲካ መያዛቸው አልቀረም። ቢሆንም ቋንቋዬ ይጻፋል ብሎ አስቦ የማያውቅ ገበሬ የራሱን ቃል በራሱ እጅ ጽፎ ማየቱ ከባድ ነገር ነው። ፊደል የያዘ እጅ የሚመጣለትን ቃል ለማንበብ ብቻ ሳይሆን መልስ ለመጻፍም የሚያበቃ ነውና።

ሁለተኛው ትዝታ መራራ ነው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ባስከተለው የሠፈራ ፕሮግራም፣ መሬቱ ከጠበበው ከከምባታና ሐዲያ አውራጃም ብዙ ሰዎች ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ተወሰዱ። ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌሎችም ቦታዎች ከመጡት ጋር በመተከል የሠፈረው ሕዝብ ወደ 80 ሺህ ይጠጋ ነበር። አንዳንዱ የመሬት ተስፋ ይዞ በፈቃዱ ሄደ፤ አንዳንዱ ግን ለቀበሌው የተመደበውን ኮታ ለመሙላት ተወሰደ። በዚህ ጊዜ ስብሰባው የተጠራው ሐሳብ ለመቀበል አልነበረም፤ ስም ለመመዝገብ ነበር። ከደጋ እንሰት ምድር የወጣው ሰው በቆላው ሙቀት ወባና ሌላም በሽታ ገጠመው። በቦታው ለዘመናት የኖረው የጉሙዝ ሕዝብም ስለ አዲሶቹ ጎረቤቶቹ የጠየቀው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሠፋሪዎች ቀዬአቸውን ፍለጋ ተመለሱ፤ የቀሩትም በሩቅ አገር ከምባትኛና ሐዲይኛ እየተናገሩ ኖሩ። ፊደልን ያመጣውና ኮታን ያመጣው አንድ መንግሥት፣ የተጠቀመበትም አንድ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ሁለቱን የለያያቸው ለሕዝቡ መልስ የተተወው ቦታ ነው።

ያልተጠየቀ ሕዝብ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደነገገ፤ በአንቀጽ 43ም ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የአካባቢያቸው ሕዝብ አባል በመሆን እርሱን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው አሰፈረ። ሐዲይኛና ከምባትኛም በላቲን ፊደል እየተጻፉ የትምህርት ቋንቋ ሆኑ። በሕግ ረገድ የሕዝብ መልስ ከዚህ የተሻለ ቦታ አግኝቶ አያውቅም ነበር።

የተጻፈ መብት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ግን የቅርብ ጎረቤት የሆነው የወላይታ ታሪክ አሳየ። ከወላይትኛ፣ ከጋሞኛ፣ ከጎፋኛና ከዳውሮኛ ተውጣጥቶ «ወጋጎዳ» የሚል ስም የተሰጠው የመማሪያ ቋንቋ በመጻሕፍት ታትሞ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. በሶዶና በአካባቢው ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አራቱ ቋንቋዎች እጅግ የሚቀራረቡ እንደሆኑ የቋንቋ ሊቃውንት ያውቃሉ፤ ወጪ ለመቆጠብ መታሰቡም ከክፋት የመነጨ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የሕዝቡ አፍ ሲቀየር የአፉ ባለቤት አልተጠየቀም። በጥላ ሥር አንድ ወር የሚፈጅ ክርክር ቢደረግበት ኖሮ ይገኝ የነበረው መልስ በጎዳና ላይ በብዙ ዋጋ ተገኘ።

ድልድዩ

በነዚሁ ዓመታት በከምባታ ከዚህ የተለየ ነገር እየሆነ ነበር። የነገሩ ጀማሪ የመንግሥት ሹም አልነበሩም። ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ገጠር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ግርዛት ደርሶባቸው፣ በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት የቀሰሙ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ሆነው «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ዓላማቸው የሴት ልጅ ግርዛትንና ሌሎችንም በሴቶች ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች ማስቀረት ነበር።

ሕዝቡ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃቸው ስለ ግርዛት አልነበረም። የጠየቃቸው ድልድይ ነበር፤ ልጆችን ከትምህርት ቤት፣ ነጋዴውን ከገበያ የሚያገናኝ ድልድይ። ቦጋለች የመጡበትን ጉዳይ ለጊዜው አቆይተው ገንዘብ አፈላልገው ከሕዝቡ ጋር ድልድዩን ሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች ተቀምጠው ሊያዳምጧቸው ፈቃደኛ የሆኑት። ይህች ታሪክ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ግንኙነት ከተጻፉ ብዙ መጻሕፍት የበለጠ ታስተምራለች። የሰው ጆሮ የሚከፈተው የራሱ ቃል መሰማቱን ሲያረጋግጥ ነው።

የተከተለው ዘዴ «የማኅበረሰብ ውይይት» ይባላል። ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ወንዶች፣ ሴቶች በየጊዜው በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ። አወያዩ ትምህርት አይሰጥም፤ ይጠይቃል። ይህ ልማድ ከየት መጣ? ምን ጠቀመን? ማንን ጎዳ? ክርክሩ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። የሴራው የቆየ ትዕግሥት በዚህ ይታያል፤ ያልተዋጠለት ካለ ነገሩ ያድራል። የተለወጠው የተቀማጩ ማንነት ነው። ቀድሞ ከጥላው ውጭ የነበረችው ሴት አሁን ገብታ ተናገረች፤ በገዛ ሰውነቷ ላይ ስለሚደርሰው ነገር የሚያውቀውም እርሷው ነበረች። በመጨረሻ የእድርና የሴራ መሪዎች ግርዛትን በደንባቸው ሲከለክሉ፣ ጥንት ካሣ እምቢተኛን ያገለል የነበረው ያ ብርቱ ቅጣት ሴት ልጅን ለመጠበቅ ዋለ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በከምባታ በተደረገ አንድ ሠርግ ሙሽራዋ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ በደረቷ አንጠልጥላ ወጣች፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስ እንደሚለው የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥሎ አጠገቧ ቆመ። ከዚያ ቀደም ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም ይባልበት በነበረ አገር ይህ ከማንኛውም አዋጅ የበለጠ ድምፅ ነበረው። ከሞላ ጎደል እያንዳንዷን ሴት ልጅ ይነካ የነበረው ድርጊት በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ እጅግ ወደ ጥቂቶች መውረዱን በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ቦጋለች ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በቤልጅግ የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እዚህ ላይ የታሪኩ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል ያደረገው የወንጀል ሕግ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በከምባታ ብዙ መንደሮች ግን ጉዳዩ በጥላው ሥር ክርክር የተጀመረበት ከዚያ በፊት ነበር። ነጋሪቱ ሲደርስ ሴራው ቀድሞት አገኘው። ሕጉ እንግዳ ሆኖ አልገባም፤ የተጀመረውን ነገር ሊያጸና መጣ። መንግሥትም ከዚህ አንድ ነገር ተማረ። ይኸው የማኅበረሰብ ውይይት ዘዴ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በጎረቤት አላባ በኤች አይ ቪ ጉዳይ ላይ ከተሞከረ በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተስፋፋ። ለብዙ ዘመን ከመሐል ወደ ዳር ብቻ ይጓዝ የነበረው ትምህርት በዚህ ጊዜ ከዳር ወደ መሐል ተጓዘ።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በደቡባዊ አፍሪካ የሚገኙት የቦትስዋና ሰዎች «ክጎትላ» የሚሉት የአደባባይ ሸንጎ አላቸው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ነፃ ስትወጣ አዲሱ መንግሥት ሸንጎውን እንደ አሮጌ ዕቃ አልጣለውም፤ ሚኒስትሮችና የሕዝብ እንደራሴዎች ዕቅዳቸውን ይዘው ወደ ክጎትላ እየሄዱ የሕዝቡን ቃል የሚሰሙበት ልማድ ሆነ። ክጎትላም እንደ ሴራው ሴቶችን ያገለለበት ዘመን ነበረው፤ እየቆየም ተሻሽሏል። ነባር ተቋም የሚኖረው እንደነበረ በመቆየቱ ሳይሆን ማስፋት የሚችሉት ልጆች በማግኘቱ እንደሆነ ሁለቱም ይመሰክራሉ።

የስልኩ ዘመን

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ከጦር ሰፈርነት ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል መቀመጫነት ያደገችው ይህች ከተማ ዛሬ ቃሏን የምታሰማው በፌስቡክና በቴሌግራም ነው። የክልሉ፣ የዞኑ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች የየራሳቸው ገጽ አላቸው። ጠዋት የተደረገ ስብሰባ ከሰዓት በፊት ከነፎቶግራፉ ይወጣል። በከምባታ የተቋቋመው የማኅበረሰብ ሬዲዮም የአካባቢውን ቋንቋ ያሰማል፤ ነጋሪት ነጋሪው ቢነሣ የማይታመን ተአምር ይመስለው ነበር።

የአዲሱ መሣሪያ ትልቅነት የሚካድ አይደለም። ከነጋሪት እስከ ሬዲዮ ከነበሩት ሁሉ የሚለየው መልስ መቀበያ በራሱ ላይ ያለው መሆኑ ነው። በየጽሑፉ ሥር የጆሮ ቦታ ተትቷል፤ በሩቅ አገር ያለ የሐዲያ ወይም የከምባታ ልጅ እንኳን ሐሳቡን ሊጽፍበት ይችላል። ነገር ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ በገጹ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ስልክ የሌላቸው እናት፣ ማንበብ ያልቻሉ አባት ዛሬም ቃሉን የሚሰሙት ከልጃቸው አፍ ነው፤ የጥንቱ አስተርጓሚ በልጅነት መልክ ተመልሷል። በሥሩ የሚጻፈውም መልስ ብዙ ጊዜ ምስጋና ወይም ስድብ ሆኖ ይቀራል። በሴራው ግን የሚናገረው ሰው ፊቱ ይታያል፤ ስሙ ይታወቃል፤ ነገ በቀብርም በደቦም ይገናኛል። ስለዚህ ቃሉን ይመዝናል፤ የሰማውም መልስ ሳይሰጥ አይነሣም።

በየዓመቱ በመስከረም የሐዲያ ሕዝብ ያሆዴን፣ የከምባታ ሕዝብ መሳላን ያከብራል። በሆሳዕናው ሐዲይ ነፈራ አደባባይ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ሹማምንትም ተገኝተው ንግግር ያደርጋሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ሽማግሌውን ለምርቃት ብቻ ጠርቶ ለምክር አለመጥራት፣ ሴራን ለበዓል ትርኢት ይዞ ለጉዳይ መተው የቆየውን ስሕተት በአዲስ ልብስ መድገም ይሆናል። ድልድዩን የጠየቀው ሕዝብ፣ በጥላው ሥር ከብዙ ክርክር በኋላ ልጆቹን ከምላጭ ያዳነው ሕዝብ፣ መልስ መስጠት እንደሚችል አስመስክሯል።

የአዋጅ ነጋሪው የቆየ ቃል «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ነበር። የሐዲያና የከምባታ ታሪክ ለዚህ ቃል አንድ ሐረግ ይጨምርለታል፤ መልሱንም ይዘህ ተመለስ።